ፕሮጀክት ሰርች ለልጄ እንዴት ሆነለት

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ሃይስኩል ሲጨርስ ቤት ተቀምጦ ይቀራል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የመጨረሻ ዓመቱን ፕሮጀክት ሰርች ገባ፤ እንደ ልጄ ያሉ ወጣቶች ሥራ የሚለማመዱበት ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ነው። ተማሪው የሚማረው እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። በዓመቱ ሦስት የሥራ ክፍሎችን እየቀያየረ ይለማመዳል።

ልጄ የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። አሠልጣኙ እያንዳንዱን መደርደሪያ ፎቶ አንስቶ በካርድ ቅደም ተከተል ሠራለት። ካርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እያየ ዕቃ ይሞላል። እያደር ካርዱን ማየት ተወ። አንድ ቀን ራሱ አለቃው ዘንድ ሄዶ «መካከለኛው ጓንት አልቋል» አላት። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። አውቶቡስ ብቻውን መያዝም ለመደ፤ ለኔ ከሥራው እኩል ነው።

ልምምዱ ደመወዝ የለውም፣ ሥራ ለማግኘትም ዋስትና አይደለም። የሚያናድደኝ ግን ትምህርት ቤታችን ሳንጠይቅ ምንም አለመናገሩ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የሽግግር ዕቅድ፣ ማለትም ከትምህርት ቤት በኋላ ስለሚሆነው የሚወጣ ዕቅድ፣ ቢዘገይ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው፣ በሜሪላንድ ደግሞ 14 ሲሞላው፣ አይኢፒው (ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጅ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ውስጥ መግባት አለበት። በአይኢፒ ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማግኘትም መብታችሁ ነው። ቦታው ጥቂት ስለሆነ፣ እናቶች፣ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጠይቁ።