ደሴ ላይ ቁርስ፦ የሆቴሉን ቡፌ ተዉትና ሸዋ በር ወርዳችሁ ገንፎ ብሉ

ደሴ አልጋ ስትይዙ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ «ዋጋው ቁርስን ጨምሮ ነው» ካላችሁ ቁርሱ ይቅርብኝና ቀንስልኝ በሉት። እምቢ ካለም ጣጣ የለውም፣ ክፈሉና ውጭ ብሉ። እኛ ያረፍንበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም፣ አልጋው ንጹህ ነው፣ ሙቅ ውሃም አለው፣ ግን ጠዋት ቡፌ ብለው የደረደሩት የቀዘቀዘ እንቁላል፣ ያደረ ዳቦ ከማርማላታ ጋር፣ የፓኬት ጁስ፣ ጥግ ላይ ደሞ ዳር ዳሩ የደረቀ ፍርፍር ነው። ይሄንንማ አዲስ አበባም አገኘዋለሁ። 400 ኪሎሜትር አካባቢ ተጉዤ፣ ጣርማ በርን በዋሻው አልፌ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቴን አውልቄ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ዳገት ስንጠማዘዝ መልሼ ለብሼ የመጣሁት ለዚህ አይደለም። ስለሆቴሉ በዚህ ይብቃኝ።

የሄድነው ጥቅምት እንደገባ ነው። ወቅቱን ሆን ብለን ነው የመረጥነው፣ ምክንያቱም መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ ከዛ በፊት ባሉት ቀናት ከተማው በተጓዥ ይሞላና አልጋ ሚባል ነገር ጭራሽ አይገኝም፣ ካለፈ በኋላ ግን ከተማው ይተነፍሳል፣ ዝናቡም ቆሟል፣ ዋናው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም ገና አልመጣም። ገና አልመጣም ስላችሁ ግን ቲሸርት ለብሳችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስታወሩ ከአፋችሁ ጭስ ይወጣል። ጦሳ ላይ ጭጋጉ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ ታገኘዋለች፣ ከተማው ውስጥ ያለነው ሰዎች ገና ጥላ ውስጥ ቆመን እጃችንን እያሻሸን ነው። ይሄን ሁሉ ማወራው ለማሳመር አይደለም፣ ቁርሱ ከዚህ ብርድ ጋር ስለሚያያዝ ነው፣ ወደታች ስደርስ ትረዱኛላችሁ።

ቤቷን ያገኘናት ባጃጅ ሹፌር ጠይቀን ነው። አጠያየቁ ላይ ምክር ልስጣችሁ፣ «ጥሩ ቁርስ ቤት ውሰደን» ካላችሁት ፎቅ ያለው ካፌ ነው ሚወስዳችሁ፣ እንግዳ ናችሁና ሊያከብራችሁ ፈልጎ። «አንተ ራስህ ዛሬ የት ነው ምትበላው?» በሉት። እኛ እንደዛ ስንለው ልጁ ሳቀና «እኔማ ሸዋ በር ነው፣ ግን እናንተ ትቀመጣላችሁ ወይ?» አለን። ተቀመጥን።

ሸዋ በር አካባቢ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ያለች ቤት ነች። ታፔላ የላትም። ምልክቷ በር ላይ የቆሙት ባጃጆች ናቸው፣ ጠዋት አምስት ስድስት ባጃጅ ተደርድሮ ካያችሁ እሷ ነች። ውስጥ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ዱካ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከኋላ ደሞ ምድጃው። ከሆነ ስልክ ላይ መንዙማ በዝግታ ይሰማል፣ ድምፁን ማንም አይጨምረውም ማንም አያጠፋውም። ባለቤቷ እናት ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ነው ሚሰሩት፣ ስትገቡ «ቢስሚላህ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ» ይሏችኋል፣ ምን ትፈልጋላችሁ ሚባለው ጥያቄ የሚመጣው ሻዩ ከቀረበ በኋላ ነው።

ሻዩ ጣፋጭ ነው፣ በጣም ጣፋጭ። ስኳር ውስጡ ፈልቶ ነው ሚመጣው፣ ቀንሱልኝ ብሎ ነገር የለም። ቅርንፉዱና ቀረፋው ግን አለ፣ ለብርዱ ደሞ ልክ ነው።

አሁን ገንፎው። እዚህ ላይ ቆይታ ላደርግ ነው ፍቀዱልኝ። ገንፎው ንጹህ የገብስ ነው። ደሴ ዙሪያዋን ደጋ ነው፣ ኩታበር በሉት፣ ወረኢሉ በሉት፣ ደላንታ በሉት፣ ገብስ የለመደ አገር ነው፣ ስለዚህ እዚህ ገብስ እንደ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዱቄት አይደለም። እናትየው ገብሱን አስፈትገው፣ ቤት ውስጥ አምሰው ነው ሚያስፈጩት፣ ማመሱ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ያለው፣ ትንሽ ቡኒ እስኪል ስለሚታመስ ገንፎው ራሱ ሽታ አለው፣ ቅቤ ሳይነካውም ይበላል። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን እየበተኑ በወፍራም እንጨት ያማስሉታል፣ ቆመው ነው ሚያማስሉት፣ ትከሻቸው ሁሉ ይሰራል፣ ተቀምጦ ሚገነፋ ገንፎ አይደለም። ሲመጣ አንድም የጓጎለ ነገር የለውም። በጣባ ነው ሚቀርበው፣ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ ንጥር ቅቤው ከበርበሬ ጋር እዛ ውስጥ ይፈሳል፣ ዙሪያውን እርጎ። ከዳር እየቆረሳችሁ፣ መጀመሪያ እርጎ ከዛ ቅቤ እያስነካችሁ ወደ መሃል ትገባላችሁ፣ ግድቡን ቶሎ ያፈረሰ ሰው ጎረቤቱ ይስቅበታል። ቅቤው ውስጥ ኮረሪማው በደንብ ይታወቃል፣ በርበሬው ያቃጥላል ግን ምላስ ላይ አይቆይም፣ እርጎው ያበርደዋል። አራስ ጥየቃ ካልሆነ ገንፎ አልበላም ምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ እዚህ ግን ጎማ ሚቀይር ጎረምሳ ከሥራ በፊት ገብቶ አንድ ጣባ ገንፎ ጨርሶ ይወጣል።

ችግሩ ምንድነው፣ ይቆያል። ገና ሲያዙ ነው ሚገነፋው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ትጠብቃላችሁ፣ መኪና ሚያመልጣችሁ ከሆነ ገንፎ አትዘዙ። ቅቤውም ላልለመደ ሆድ ይከብዳል፣ አንዱን ጣባ ለሁለት ሰው ብትወስዱ ይበቃል፣ እኔ ለብቻዬ አዝዤ እስከ ምሳ ሰዓት ምንም አላሰኘኝም።

ጓደኛዬ ጽጌን ይጾማል። ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፣ የፈቃድ ጾም ነው፣ ሰዓት አይጠብቅም ግን ቅባት በአፉ አያዞርም፣ መንገድ ላይ ሁሉ እዛ ቅቤ አገር ሄደህ ምን ልትበላ ነው እያልኩ ስቀልድበት ነበር። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፣ እናትየው ግን ጾመኛ ነኝ ሲላቸው ገና ሳይጨርስ «የጽጌ ነው አይደል» አሉት፣ ሌላ ድስት አወጡ፣ ሌላ ማንኪያ፣ ገንፎውን በዘይትና በበርበሬ ለብቻው ሠሩለት። ከዛ በኋላ የገባኝ ነገር፣ እዚህ ቤት ስጋ ሚባል ነገር የለም፣ ዱለት የለም ጥብስ የለም። ስጋ ካለ የማን ቤት ነው ሚለው ይመጣል፣ ሙስሊሙ ወደራሱ ክርስቲያኑ ወደራሱ ይሄዳል፣ ገንፎና ፉል ላይ ግን እንደዛ ሚባል ነገር የለም፣ አንዱ አግዳሚ ላይ ጋቢ የለበሱ አባትና ኮፍያ ያደረጉ ሼህ ጎን ለጎን ሲበሉ ነበር፣ ወሬያቸው የጤፍ ዋጋ ነው።

ፉሉ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ግን አልለውም። ባቄላው ሌሊቱን ሲፈላ ያደረ ነው፣ ልስልስ ብሏል፣ ከላይ ሽንኩርት ቃሪያ ቲማቲም፣ ጾም ካልሆነ እርጎና የተቀቀለ እንቁላል። የኔ ቅሬታ ከሙኑ በዝቷል፣ ዳቦውም ትንሽ ጠንካራ ነበር። የጾሙን ፉል በዘይት የሠሩለትን ቀመስኩት፣ እውነት ለመናገር ከኔ ባለቅቤው ይሻል ነበር፣ ባቄላው ራሱ ይታወቃል።

ጭኮውን ካልቀመሳችሁ ግን እንዳትወጡ። ለማያውቀው፣ ጭኮ ማለት የታመሰ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማ፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ታሽቶ ሚሠራ ነው፣ ምድጃ ላይ አይወጣም፣ ውሃ አይነካውም። ውሃ ስለማይነካው ነው ያለፍሪጅ ብዙ ቀን ሚቆየው፣ የመንገደኛ ስንቅ የሆነውም ለዛ ነው። እዚህ በትንንሹ ቆርጠው ከሻይ ጋር ያመጡላችኋል፣ አንዱን ቁራጭ አፋችሁ ውስጥ ትተዉታላችሁ ቅቤው ቀስ እያለ ይለቃል፣ ያ ጣፋጭ ሻይ አሁን ነው ምክንያቱ ሚገባችሁ፣ ጨዋማ ከሆነው ጭኮ ጋር ሲገናኝ ልክ ይመጣል። አዲስ አበባ ሚሸጡት ጭኮ ብዙ ጊዜ ቅቤ ይቆጥቡበትና አሸዋ ነው ሚሆነው፣ ወይ ደሞ በዘይት ይሠሩታል፣ እሱን በልታችሁ ጭኮ አልወድም ያላችሁ ሰዎች ይሄን ሞክሩና እናውራ።

ቡናውን አትቸኩሉበት። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ወቅቱ ስለሆነ እርጥብ ነው፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ሲኒው ውስጥ ጤና አዳም ጣል ያደርጉላችኋል፣ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል «ኧረ በረካውን ሳትጠጣ የት ነው?» ተባልኩ፣ ሚያውቀኝ ሰው አልነበረም፣ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ናቸው። እንደዛ እየተባለ ቁርስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ፕሮግራም ያላችሁ ሰዎች አስቡበት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዳችሁ ልትመለሱ ከሆነ በጊዜ ግቡ።

በሌላው ቀን ለውጥ ብዬ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ጨጨብሳ በላሁ፣ ቂጣው ወፍራም ነው፣ ሚረጋ ዘይት ውስጥ ነው የዋኘው፣ ግማሹን ተውኩት። ማኪያቷቸው ግን አሪፍ ናት፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሰው ለማየት ይሆናል፣ ለሌላ አይሆንም። ከዛ ይልቅ መንገድ ዳር ሴቶቹ ሚጠብሱት የበቆሎ እሸት ይሻላል፣ የባቄላ እሸትም ነበር፣ እየፈለፈላችሁ ከተማውን መዞር ነው።

አሁን ቅድም ልነግራችሁ ያልኩት። ስንመለስ ኮምቦልቻ አደርን፣ 25 ኪሎሜትር አካባቢ ነው ከደሴ፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ሐረጎን ሲጨርሱ የባጃጁ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው። እኔ ገንፎ ሱስ ሆኖብኝ እዛም ፈልጌ አገኘሁ፣ ገብሱም ደህና ነበር፣ ቅቤውም አይታማም፣ አሠራሩ ላይ እንከን ማወጣበት የለኝም። ግን ሦስት ጉርሻ ላይ አላበኝ፣ ከዛ በላይ አልሄደም። አጠገቤ ያሉት የፋብሪካ ሠራተኞች ሁሉ ፍርፍርና የፓፓያ ጁስ ነው የያዙት፣ እነሱ ያውቁታል፣ ከባቲ በኩል ሙቀቱ እየገፋ ሚመጣበት ከተማ ጠዋት በቅቤ አይጀመርም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ካደራችሁ ጁሱን ጠጡ፣ ፍርፍሩን ብሉ፣ ገንፎውን ግን ዳገቱን ወጥታችሁ ብርድ እየመታችሁ ብሉት፣ ያ ሁሉ ቅቤ ሥራ ሚያገኘው እዛ ነው። አዲስ አበባም ማንም ገንፎ ቤት እንደዛ አልጣመኝም፣ አዲስ አበባ ብርድ የለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ገንፎውን ምንበላው ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ከወጣ በኋላ፣ ካፌ ውስጥ መስታወት ተዘግቶ።

ወደ ሸዋ በሯ ቤት ልመለስና ጉድለቷን ልናገር። መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ውሃ በጆግ ነው፣ ሶፍት ይዛችሁ ሂዱ። መደገፊያ ያለው ወንበር የለም፣ ወገባቸውን ሚያማቸው ሰዎች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግድግዳው ጋ ያለውን ቦታ ያዙላቸው። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ልብሳችሁ ቀኑን ሙሉ እጣንና እንጨት ይሸታል። መኪና ማቆሚያ የለም። ሕዝብ ሲበዛ ሒሳብ ሚቀበለው ሰው ይጠፋል፣ ያኔ ልጅቷን ራሳችሁ ምድጃ ጋ ሄዳችሁ መጥራት ነው።

ሒሳቡ ለሁለት ሰው ገንፎ፣ ፉል፣ ጭኮ፣ ሻይና ቡና ተደምሮ ሆቴሉ ለአንድ ሰው ቡፌ ከሚያስበው ያነሰ ነው የመጣው። ቴሌብር ይቀበላሉ ግን ኔትወርኩ ሲጠፋ ትቸገራላችሁ፣ ጥሬ ብር ያዙ። ከ10 ስምንት ተኩል እሰጣታለሁ፣ ገንፎውን ብቻ ቢሆን 10 ነበር፣ ፉሉና ወንበሩ ነው ያወረዳት። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነች፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ገንፎ አይገነፋም፣ ዓርብ ደሞ ለጁምዓ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ለመንገድ ጭኮ ምትፈልጉ ከሆነ ከዋዜማው ተናግራችሁ ኪሎውን አስያዙ፣ ጠዋት ላይ የተረፈውን ባጃጆቹ ናቸው ሚጨርሱት።