ለልጆች «አስፈሪ» የእንስሳት ካርቱን ለምትገዙ ወላጆች፦ የ45 ደቂቃ ሥራ በሙሉ ፊልም ዋጋ እንዳትገዙ

በአሜሪካ የሃሎዊን በዓል በሚቃረብበት በኦክቶበር ወር፣ ልጆቻቸው «የሚያስፈራ ፊልም ግዙልን» እያሉ የሚወተውቷቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ በእውነት ደንግጦ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያለቅስ የሚፈልግ ወላጅ ስለሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው እንስሳት የሚናገሩበት፣ ጨለማ ዋሻና የመናፍስት ወሬ ያለበት፣ መጨረሻው ግን በሰላም የሚያልቅ የካርቱን ፊልም ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በዚህ ሰሞን ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ ሽፋን ያላቸውን ፊልሞች ከፊት ይደረድራሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው፣ ከእነዚህ መካከል የአንድ ፊልም ግማሽ ርዝመት ብቻ ያላቸው ሥራዎች በሙሉ ፊልም ዋጋ እየተሸጡ መሆናቸውን ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እንድታውቁ ነው።

በምሳሌነት የማነሣው በ2014 የወጣውን «አልፋ ኤንድ ኦሜጋ፦ ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዘ ሶው ቱዝ ኬቭ» የተባለውን የተኩላዎች ፊልም ነው። ስሙን ብቻ አይቶ መንፈሳዊ ፊልም የሚመስለው ሰው አይጠፋምና፣ ስያሜው በተኩላ መንጋ ውስጥ ያለውን የበላይና የበታች ደረጃ የሚመለከት እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ አስቀድሜ ልናገር። ታሪኩ ራንት ስለተባለ፣ ከወንድሙና ከእኅቱ ሁሉ ስለሚያንስ አንድ የተኩላ ግልገል ነው። ግልገሉ መናፍስት አለበት እየተባለ ወደሚወራበት ዋሻ ይሄዳል፤ እዚያም ዓይነ ስውር በመሆኗ ከመንጋዋ የተገለለች ዳሪያ የተባለች ተኩላ ያገኛል። እንግዲህ አስፈሪ የተባለው ነገር ይህን ያህል ነው፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ የሚበቃ ፍርሃት ሲሆን፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ግን በመሰላቸት ሊነሣ ይችላል። በጎደሎው ምክንያት የተገፋን ፍጡር ቀርቦ ማወቅን የሚያሳይ በመሆኑ ታሪኩ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። ቅሬታዬ ከታሪኩ ጋር አይደለም።

ፊልሙ 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚህም ውስጥ መጨረሻ ላይ የሠራተኞች ስም የሚያልፍበት ጊዜ ይቆጠራል። ገዢውን የሚያሳስተው ደግሞ በ2010 በሲኒማ ቤቶች የታየው የመጀመሪያው «አልፋ ኤንድ ኦሜጋ» ወደ 90 ደቂቃ የሚጠጋ፣ እንደ ጀስቲን ሎንግና ሄይደን ፓኔቲየር ያሉ ታዋቂ ተዋንያን ድምፃቸውን የሰጡበት፣ በዚያው ዓመት ያረፈው ዴኒስ ሆፐርም የተሳተፈበት ሥራ መሆኑ ነው። ከ2013 እስከ 2017 ድረስ ተከታትለው የወጡት ሰባት ፊልሞች ግን በዲስክና በኢንተርኔት ለመሸጥ የተዘጋጁ፣ እያንዳንዳቸው በ45 ደቂቃ አካባቢ የሚያልቁ፣ በዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ላይም ሌሎች ሰዎች ድምፅ የሰጡባቸው ናቸው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ተኩላዎች እነዚያው ናቸው፤ የተከታታዩ ስምም ያው ነው፤ ተራ ቁጥሩ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ይጻፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀራል። የመጀመሪያውን በሲኒማ ወይም በቴሌቪዥን ያየ ወላጅ፣ የሚገዛው የዚያን መሰል ሥራ ነው ብሎ ቢያስብ የሚፈረድበት አይደለም።

«ታዲያ እንዴት ፊልም ተብሎ ይሸጣል?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ደንብ ከ40 ደቂቃ በላይ የሆነን ሥራ በሙሉ ፊልምነት ይመድባል፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ የሚረዝመው ሥራ በአምስት ደቂቃ ብልጫ ያልፋል ማለት ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የግማሽ ሰዓት ቦታ የሚሰጠው የልጆች ካርቱን፣ ማስታወቂያው ሲወጣለት 22 ደቂቃ ያህል ስለሚሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ፊልም በልኩ ሁለት የቴሌቪዥን ክፍሎች ተያይዘው እንደሚታዩት ነው። ዋጋው ግን በዚህ ልክ አልተቆረጠም። ሁለት ፊልሞች እኩል በ10 ዶላር ቢቀርቡላችሁ፣ አንደኛው 90 ደቂቃ ሌላኛው 45 ደቂቃ ከሆነ፣ ለመጀመሪያው በደቂቃ 11 ሳንቲም፣ ለሁለተኛው ደግሞ 22 ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ለንጽጽር ያህል፣ ሰው ወደ ግዙፍ አስፈሪ ጥንቸልነት የሚለወጥበትና በ2006 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ሽልማት ያገኘው የዋላስና ግሮሚት ፊልም፣ ለማንኛውም ዕድሜ የሚፈቀድ ሆኖ 85 ደቂቃ የሚዘልቅ ነው።

በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚቃወም ወላጅ ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ አንድን ፊልም እስኪሰለች ድረስ ደጋግሞ ስለሚያይ፣ ርዝመቱ ለዋጋው ትርጉም የለውም የሚል ክርክር አለ፤ እንዲያውም ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ 45 ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል ይልቅ ይስማማዋል። ይህ እውነት ነው፤ የፊልሙን አጭርነት እንደ ነውር አልቆጥረውም። ወላጁ አጭር መሆኑን አውቆ ከገዛ ውሉ ትክክለኛ ነው፤ ተቃውሞዬ ርዝመቱ ተደብቆ ወይም በማይታይ ቦታ ተጽፎ ሲሸጥ ነው።

መደበቁ እንዴት እንደሚሆን ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ጋር በገጠመኝ ነገር ላስረዳ። ሁለት የእንስሳት ካርቱኖችን በአንድ እሽግ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በማስታወቂያ ገጹ ላይ «ሁለት ሙሉ ጀብዱዎች» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ሰፍሯል፤ የሽፋኑ የፊት ገጽታ በሰፊው ይታያል፤ የሳጥኑ ጀርባ ግን ፎቶው እንኳ አልተለጠፈም፤ በዝርዝር መግለጫው ውስጥም የደቂቃ ቁጥር የለም። ዕቃው ቤት ሲደርስ ርዝመቱ ከባርኮዱ አጠገብ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ተገኘ፤ ሁለቱ ሙሉ ጀብዱዎች ተደምረው የአንድ መደበኛ ፊልም ያህል ናቸው። እንዲመልስልኝ ስጠይቀው፣ የመላኪያውን ወጪ ገዢው እንደሚችል አስታወቀኝ፤ ይህም ከዕቃው ዋጋ ብዙም የማያንስ በመሆኑ መመለሱ ትርጉም አልነበረውም። ሻጩ ዋሸ ማለት ያስቸግራል፣ የጻፈው ሁሉ በቃል ደረጃ ልክ ነውና። የተንኮሉ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በኢንተርኔት ስትገዙ፣ ርዝመቱ በገጹ ላይ ካልተጻፈ፣ የፊልሙን ስም ከወጣበት ዓመት ጋር አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ዓመቱ ካልተጨመረ የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም መረጃ ሊመጣባችሁ ይችላል። የኮከብ ብዛት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የተለያዩ እትሞች አስተያየቶች በአንድ ቦታ ተደባልቀው ሊቀርቡ ስለሚችሉ፣ ከፍተኛው ነጥብ የተሰጠው ለሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። አንድና ሁለት ኮከብ የሰጡትን ሰዎች ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል፤ «አጭር ነው» የሚለው ቅሬታ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ሽፋኑ ላይ የዕድሜ ደረጃ አለመኖሩ ደግሞ ፊልሙ ለልጅ አይሆንም ማለት እንዳልሆነ እወቁ፤ በአሜሪካ የሚሠራበት የደረጃ አሰጣጥ በፈቃደኝነት የሚደረግ እንጂ በሕግ የሚገደዱበት አይደለም። ደረጃ የሌለውን ፊልም ግን ወላጅ ራሱ አስቀድሞ ጥቂት ቢያየው ይመረጣል።

በዲስክ ሳይሆን በቀጥታ ከኢንተርኔት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ፣ «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት የምትከፍሉበትን ነገር ምንነት ልብ በሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው፣ ኩባንያው ፊልሙን የማሳየት መብቱ እስካለው ድረስ ብቻ የሚያገለግል የማየት ፈቃድ ነው። ዲስክን ለጎረቤት ማዋስ፣ ለእኅት ልጅ ማስተላለፍ፣ ልጆቹ ሲያድጉ መልሶ መሸጥ ይቻላል፤ ፈቃዱን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። አልትራቫዮሌት የተባለው፣ ብዙ ቤተሰቦች የገዟቸውን ፊልሞች ዝርዝር ያስቀመጡበት አገልግሎት በጁላይ 31 ቀን 2019 ተዘግቷል፤ ሰዎችም ፊልሞቻቸው እንዳይጠፉባቸው ከመዘጋቱ በፊት ሒሳባቸውን ከሌሎች መደብሮች ጋር እንዲያገናኙ ተነግሯቸው ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ ሻጮች የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳያሳውቁ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ሕጉ የግዛቱ ነው፤ ሌላ ግዛት የምትኖሩ ሰዎች ይህን ማስታወቂያ ባታዩም የገዛችሁት ነገር ጠባይ ያው መሆኑን አትርሱ። ፊልሙን አንድ ጊዜ ብቻ ለማየት ከሆነ ኪራዩ ይሻላል፤ በአብዛኞቹ መደብሮች የተከራየ ፊልም በ30 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ለአገር ቤት ልጆች በስጦታ መልክ ዲስክ ለምትልኩ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዲቪዲዎች የሚታዩበትን ክልል የሚወስን ቁጥር አላቸው። በአሜሪካ የሚሸጡት የክልል 1 ናቸው፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በክልል 2 ውስጥ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በክልል 5 ትገኛለች። ስለዚህ ከአሜሪካ የተላከ ዲስክ፣ ማጫወቻው ለሁሉም ክልሎች የተከፈተ ካልሆነ በስተቀር፣ አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ አይሠራም። በአገር ቤት ያሉ አንዳንድ ማጫወቻዎች ክልል ሳይመርጡ ያጫውታሉ፤ ነገር ግን ይህን በግምት ከመተው ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በስልክ መጠየቅ ይቀላል። ቁጥሩ በሳጥኑ ጀርባ ላይ በትንሽ የሉል ምስል ውስጥ ይገኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሠፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሞክሩ። ብዙዎቹ የልጆች ዲቪዲዎችን በነጻ ያውሳሉ፤ ከዚህም ሌላ ሁፕላ ወይም ካኖፒ ከተባሉት የኢንተርኔት አገልግሎቶች ጋር ውል ያላቸው ቤተ መጻሕፍት፣ የአባልነት ካርድ ላለው ሰው ፊልሞችን ያለ ክፍያ በቤቱ ያሳያሉ። ልጁ እንደዚህ ያለውን አጭር ፊልም በተዋሰው ዲስክ አይቶት ደጋግሞ ከጠየቀው፣ ያን ጊዜ መግዛቱ ምክንያት ይኖረዋል። አስፈሪ ፊልሞች ላይ ያለው ፍላጎት ከሃሎዊን በኋላ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ ብዙዎቹ ዲስኮች በኖቬምበር ወር በመደርደሪያ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበራቸው ዋጋ ባነሰ ሒሳብ ይገኛሉ ብዬ እገምታለሁ።

ቀድማችሁ ከገዛችሁና የቀረበላችሁ ዕቃ ከማስታወቂያው ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ የማስታወቂያ ገጹን ፎቶ ዛሬውኑ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ቅሬታ ከቀረበ በኋላ ገጹ ሊለወጥ ይችላልና። ከዚያም ለሻጩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በስልክ የተነገረ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ሻጩ እምቢ ካለና የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ የፌዴራሉ ሕግ ቅር ያሰኛችሁ ክፍያ መጀመሪያ የታየበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ተቋም በጽሑፍ እንድታመለክቱ መብት ይሰጣችኋል። በዴቢት ካርድ የተከፈለ ገንዘብ ተመሳሳይ ጥበቃ የለውም። «ፊልሙ አልተመቸኝም» የሚል ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም፤ ማስታወቂያው ምን ብሎ እንደነበረና የደረሳችሁ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ሁለቱን ፎቶዎች አያይዛችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ ይበቃል። የውጭ አገር ሻጭ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ ጋር በመጻጻፍ ቀኑን አታሳልፉ፤ 60 ቀኑ የሚቆጠረው መግለጫው ከተላከበት ዕለት እንጂ ሻጩ መልስ ከሰጣችሁበት ዕለት አይደለም።