ኖራ ወይስ ኮምፖስት? የወረዳው ብር የት ይዋል?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ገብሱ ቀጭጮ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነበት ማሳ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ፒኤች (የአሲዱ መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፣ ሰብሉ የሚመገበው ፎስፈረስም ሥሩ እንዳያገኘው ሆኖ ይታሰራል። ማዳበሪያ ቢጨመርበት ብዙም አይጠቅም።

ኖራ ይህን በቀጥታ ያርማል። በደንብ ተበትኖ ከታረሰ ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር በአስር የሚቆጠር ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል፤ የመኪናው ኪራይ ያስፈራል።

ወረዳው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በአማራ ክልል ወረዳዎች ከ1994 ዓ.ም ወዲህ ጥቅል በጀት (ክልሉ በአንድነት የሚሰጣቸውን ገንዘብ) ይቀበላሉ፣ አጠቃቀሙንም በራሳቸው ምክር ቤት ያጸድቃሉ። ሥልጣኑ አለ። ብሩ ግን በአብዛኛው ለደሞዝ ያልቃል። ስለዚህ ኖራው የክልል ወይም የፕሮጀክት እጅ ይጠብቃል። ከዘር በኋላ የደረሰ ኖራ ደግሞ ለዚያ ዓመት ሰብል አይሆንም።

ኮምፖስት በጀት አይጠብቅም። ጉድጓድ፣ ገለባ፣ አመድና እበት ይበቃዋል። ግን እበቱ ከየት ይምጣ? በየግድግዳው የተለጠፈውን ኩበት እዩት፤ የእናቶቻችን የጣት አሻራ አለበት። ማሳው የሚፈልገውን ምድጃው ይበላዋል። ማገዶ በሌለበት ብርድ አገር ይህን መውቀስ ግፍ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ አሲዱ ለጠናበት ቀበሌ ኖራ ይቅደም እላለሁ፤ ማጓጓዣውም በሐምሌ በጀት ሲጸድቅ ለቀጣዩ ዘር ይያዝ። ለሌላው ቀበሌ ግን መጀመሪያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የባሕር ዛፍ ችግኝ ይድረስ። ያኔ እበቱ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።