ፕሮጀክት ጉተንበርግ፦ ያገኘውን ሁሉ ለሚያነብ ሰው

እኔ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ላይ አልረጋም። ልቦለድ ጨርሼ ስለ ንብ እርባታ አነባለሁ። ቀጥሎ የመርከበኛ ማስታወሻ፣ ከዚያ ደግሞ የድሮ የሂሳብ መማሪያ ይሆናል። ሰው «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወጃለሽ?» ሲለኝ ቶሎ የምመልሰው የለኝም። እንዲህ ላለ አንባቢ እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ የተመቸኝ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ነው። ብዙ ስለተጠቀምኩበት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ጉተንበርግ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነፃ የመጻሕፍት ማከማቻ ነው። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1971 ጀመረው። መጀመሪያ የገባው ጽሑፍ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ነው፤ ሃርት ራሱ ነው ኮምፒውተር ላይ የጻፈው። ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። አካውንት ክፈቱ፣ ካርድ አስገቡ የሚል ነገር የለም።

ስለ ጉተንበርግ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ነፃ መሆኑ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር አለው። የነፃነት አዋጁ ቁጥር 1 ነው። ሌሎቹም ቁጥር የሚያገኙት በአብዛኛው ወደ ማከማቻው በገቡበት ተራ እንጂ በይዘታቸው አይደለም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ከታሪክ መጽሐፍ ጎን የምታገኙት ሌላ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የመጻሕፍት አመዳደብ ዓላማው ይኸው ነው፣ የሚመሳሰሉትን ማቀራረብ። ለተመራማሪ እሰየው ነው። አዲስ ነገር ፍለጋ ለሚዞር ሰው ግን እዚያው ባለበት ያስቀረዋል። ጉተንበርግ ላይ አንድ ቁጥር ስትጨምሩ የሚመጣው መጽሐፍ ከያዛችሁት ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ አንድ ልማድ አለኝ። መጽሐፍ ስጨርስ የገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ከፍ አደርጋለሁ። የመጣውን እከፍታለሁ። አንዳንዴ የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ይሆናል፤ አብረው የገቡ ቅጾች ቁጥራቸው ይከታተላልና። ያኔ እዘለዋለሁ። ሌላ ጊዜ ግን በራሴ ምርጫ መቼም የማልደርስበት ነገር ይመጣል። አንድ ጊዜ ከግጥም መድበል ቀጥሎ የገመድ ቋጠሮ መማሪያ ደረሰኝ። ሥዕሎቹን እያየሁ በጫማ ማሰሪያ ሞከርኳቸው። አንዱ ቋጠሮ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ የቱንም ያህል ቢከብደው በቀላሉ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የባሕር ጉዞ ማስታወሻ ሳነብ፣ ማዕበል ሲነሳ መርከበኞቹ ምን እያሰሩ ምን እየፈቱ እንደሆነ ይታየኝ ጀመር። ድሮ እነዚያን ገጾች እየዘለልኩ ነበር የማልፋቸው። አራርቆ ማንበብን የምወደው ለዚህ ነው፤ የማይተዋወቁ የሚመስሉ መጻሕፍት እየቆዩ እርስ በርስ ይገላለጣሉ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ካልያዘኝ እተወዋለሁ። ገንዘብ ስላላወጣሁበት አይቆጨኝም። ብዙ ጊዜ የወረዱ መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ዝርዝር ግን አልከፍተውም። እዚያ የሚገኙት በአብዛኛው ስማቸውን ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው።

የጽሑፉ ጥራት እንደ መጽሐፉ ይለያያል፤ ቢሆንም እኔ ረክቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አለ። የድሮውን ገጽ ፎቶ ኮምፒውተር ከፎቶው አንብቦ ካወጣው ጽሑፍ ጋር ገጽ በገጽ እያስተያዩ ያርማሉ፤ አንዱ ያረመውን ሌላው ደግሞ ያየዋል። ብዙ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የትኛውን የማተሚያ ቤት ስህተት እንዳረሙ ይጽፋሉ። ያንን ማስታወሻ ሳላነብ አልዘጋም። አንድ የማላውቀው ሰው ማንም ለማያስታውሰው መጽሐፍ ይህን ያህል መጠንቀቁ ልቤን ይነካዋል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከሆነ ሥዕል ያለውን የኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) ፋይል ወይም በድረ ገጹ የሚነበበውን ውሰዱ፤ በተራው የጽሑፍ ፋይል ሥዕል አይመጣም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። መጻሕፍቱ አሮጌ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የድሮ መጽሐፍ ከቅጂ መብት ነፃ የሚሆነው በአብዛኛው ከታተመ 95 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ የአገራችሁን የቅጂ መብት ሕግ ማየት አለባችሁ። ስለዚህ የሕክምናውን መጽሐፍ ለታሪክነቱ አንብቡት እንጂ እንዳትታከሙበት። በጉዞ ማስታወሻዎቹም ውስጥ ስለ ሌሎች ሕዝቦች የተጻፈው አንዳንድ ነገር ንቀት የሞላበት ነው፤ ያማል። ቋንቋውም ቢሆን፣ ከ60 በላይ ቋንቋዎች ቢኖሩትም እንግሊዝኛው እጅግ ይበዛል። ፈረንሳይኛ፣ ፊንላንድኛና ጀርመንኛ ይከተላሉ። እዚህ ብቻ የሚያነብ ሰው ብዙ ርዕስ ያያል፤ የሚሰማው ግን የአንድ ዘመንን ድምፅ ነው። እኔ አሮጌውን ስጨርስ በዚያው ጉዳይ ላይ በቅርብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እዋሳለሁ። የንብ እርባታውንም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። የድሮው ጸሐፊ ቀፎው ፊት ቆሞ ያየውን ሲተርክ የሚደርስበት የለም፤ ስለ ንብ በሽታ ግን አዲሱን ነው የማምነው።

ዓይናችሁ ሲደክም ደግሞ ሊብሪቮክስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ነው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ያነቡበታል፤ እሱም ነፃ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢው በየምዕራፉ ሊቀያየር ይችላል፣ መልመድ ይፈልጋል። ድምፁ የሚጥማችሁ አንባቢ ስታገኙ ስሙን ንኩት። ያነበባቸው ሌሎች መጻሕፍት ይዘረዘራሉ፤ ከልቦለዱ አጠገብ የሥነ ከዋክብት መጽሐፍ ልታገኙ ትችላላችሁ።