ባሕር ዳር ላይ ለእንስሳት ክሊኒኬ የገዛሁት የጥርስ ሕክምና መሣሪያ፦ ከ11 ወር በኋላ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒክ አለኝ። ባለፈው ኅዳር የሦስት ዓመት ቁጠባዬን አውጥቼ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ባለጎማ የጥርስ ሕክምና መሣሪያ አሁን 11 ወር ሞልቶታል። ከብዙ ነገሩ ይልቅ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ አንድ ጉድለቱ ነው፤ ጉድለቱም ውሃ ነው። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሣጥኑ ቀለም ሳይቀር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳኝ አየር በሚያምቀው ኮምፕሬሰር ውስጥ ስለሚጠራቀመው ውሃ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር።

መሣሪያውን ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ቁመቱ እስከ ጉልበት በሚደርስ ሣጥን ውስጥ ዘይት የማይፈልግ ኮምፕሬሰር ከነታንኩ ተቀምጧል። ከሣጥኑ ፈጣን ሃንድፒስ (ጥርስ የሚቆርጥ በእጅ የሚያዝ መሰርሰሪያ)፣ ዝግተኛ ሃንድፒስ፣ የጥርስ ድንጋይ የሚያራግፍ ስኬለር እንዲሁም አየርና ውሃ የሚረጭ ቱቦ ይወጣሉ። ፈጣኑ ሃንድፒስ የራሱ ሞተር የለውም። ከታንኩ የሚመጣው አየር ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ተርባይን በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ያሽከረክራታል፤ ተርባይኗን የያዟት ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። በዚህ ፍጥነት ለሚዞር ኩሽኔታ አንዲት የውሃ ጠብታና ቅንጣት ዝገት ምን ማለት እንደሆኑ ማንም ሊገምት ይችላል።

የእንስሳት ጥርስ ሕክምና ከሰው የሚለይበትን ነጥብ እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ቅሬታዬ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። የሰው ሐኪም መሣሪያው ቢቆምበት ታካሚውን ይቅርታ ጠይቆ ለነገ ሊቀጥረው ይችላል። ውሻ ግን አፉን ከፍቶ አይቀመጥልንም፤ ትንሹም ሥራ ቢሆን የሚሠራው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ነው። የተጀመረ ጥርስ ግማሹ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሥሩ አጥንት ውስጥ ቀርቶ ሊተው አይችልም፤ ማደንዘዣውም መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ለእኛ ሙያ አስተማማኝ መሣሪያ ማለት ሥራው መሀል ላይ የማይከዳ መሣሪያ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከኅዳር እስከ ግንቦት መሣሪያው እንከን አልነበረበትም። ስኬለሩ ዛሬም ጥሩ ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ የተጣራ ውሃ ብቻ ስለምጠቀም ጫፉ አልተደፈነም። የኤሌክትሪክ መዋዠቁን በስታቢላይዘር ተወጥቼዋለሁ። በእነዚያ ወራት ስለ መሣሪያው የሚጠይቁኝን የሙያ ጓደኞቼን «ግዙት» ብያቸዋለሁ። አንዱ ሰምቶኝ ገዝቷል፤ ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ አዛውንት ከዘጌ ውሻቸውን ይዘው መጡ። ውሻው ዘጠኝ ዓመት የሞላው የግቢ ጠባቂ ሲሆን ከግራ ዓይኑ ሥር አብጦ ነበር። ሁለት ጊዜ መርፌ ተወግቶ እብጠቱ ጎድሎ እንደገና እንደተመለሰ ነገሩኝ። አጥንት በሚቆረጥም ውሻ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ትልቁ የላይኛው የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ እንደጠረጠርኩትም ጥርሱ ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ይህ ጥርስ ሦስት ሥር ስላለው እንዲሁ ተጎትቶ አይወጣም። መጀመሪያ በፈጣኑ ሃንድፒስ ሦስት ቦታ ተቆርጦ እያንዳንዱ ሥር ለብቻው ይነቀላል።

የመጀመሪያው ቁርጥ በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ላይ የሃንድፒሱ ድምፅ ከፉጨት ወደ ሽክሽክታ ወረደ፤ ቀጥሎ በነጩ ጎዝ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ፤ ከዚያ ጥርሱን ሲነካ ቆመ። ከጥርሱ ሳርቀው ይዞራል፣ ሳስጠጋው ይቆማል። ማደንዘዣ መጨመር ግድ ሆነ። በዝግተኛው ሃንድፒስ፣ ረዳቴ አጥንቱ እንዳይቃጠል በስሪንጅ ጨዋማ ፈሳሽ እያንጠባጠበች፣ እኔም በየጥቂት ሰከንዱ እያቆምኩ ሥራውን ጨረስን። በግማሽ ሰዓት ማለቅ የነበረበት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። አዛውንቱ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቆይተው በመጨረሻ በሩን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ሞተ እንዴ? አትደብቀኝ» አሉኝ። ውሻው ተርፏል፤ ድዱም በደህና ገጥሟል። ያን ጥያቄ የሰማሁት ግን በእኔ ጥፋት አልነበረም።

ወደ ሻጩ ስደውል የመጀመሪያ መልሱ «ዘይት አላደረጉለትም ይሆናል» የሚል ነበር። አድርጌለታለሁ። ሃንድፒሱ በእንፋሎት ከመቀቀሉ በፊት ሁልጊዜ ዘይት ይጠጣል፤ ይህን ረዳቴ በደብተር ትመዘግባለች። አዲስ ካርትሪጅ፣ ማለትም ተርባይኑና ኩሽኔታዎቹ አንድ ላይ ያሉበትን ክፍል፣ በራሴ ወጪ አስልኬ ቀየርኩ። እሱም በሦስተኛው ሳምንት በዚያው ሽክሽክታ ሞተ። ሻጩ በዚህ ጊዜ ሦስተኛ ካርትሪጅ ሊሸጥልኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

የበሽታውን ምክንያት የነገረኝ ከእኛ ግቢ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው። ካርትሪጁን አገላብጦ አየና «ዶክተር፣ ይሄ ውሃ የበላው ነው። እኔ እኮ በክረምት ጠዋት ጠዋት የኮምፕሬሰሬን ውሃ ሳላፈስ ሥራ አልጀምርም። የእርስዎ ማፍሰሻው የት ነው?» አለኝ። የት እንዳለ አላውቅም ነበር። አብረን ሣጥኑን ስንመረምር ማፍሰሻው ከታንኩ ሥር፣ በኋላው ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ አገኘነው። ለመድረስ ሣጥኑን አስተኝቶ ስድስት ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ስንከፍተው የወጣው ውሃ ዝገት ያቀላው፣ ድፍርስ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞልቶ የተረፈ ነበር። ከአየር ማጣሪያው ብርጭቆም እንዲሁ ወጣ፤ እሱም ጥቁር ፕላስቲክ ስለሆነ ውስጡ ከውጭ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይሸከማል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናቡ በማያባራበትና ሐይቁም አጠገባችን በተንጣለለበት ጊዜ፣ የባሕር ዳር አየር ከዚህ ጣሪያ የሚጎድለው ጥቂት ነው። ኮምፕሬሰሩ ይህን አየር ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ አምቆ ታንክ ውስጥ ሲያስገባውና አየሩ ሲቀዘቅዝ ተኑ ቦታ ያጣል፤ አብዛኛው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የእኔ ኮምፕሬሰር በደቂቃ 50 ሊትር ያህል ስለሚስብ በአንድ ሰዓት ሥራ ሦስት ሜትር ኩብ ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ በየሰዓቱ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ታንኩ ውስጥ ይቀራል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይህ ችግር አልታየኝም ነበር፤ ለሰባት ወር ያመሰገንኩት መሣሪያውን ሳይሆን በጋውን ኖሯል።

ከፍታውም ያባብሰዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ በባሕር ጠለል የተለካ ነው። እዚህ ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ ታንኩ ይግላል፤ አየሩም ለመቀዝቀዝና ውሃውን ለመጣል ጊዜ ሳያገኝ ትኩሱን ከነእርጥበቱ ወደ ቱቦው ይገባል። ውሃው ከታንኩ ይልቅ ቱቦው ውስጥ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሃንድፒሱ ጭንቅላት ውስጥ ይወርዳል ማለት ነው።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቃለሁ። «ዶክተር፣ ኮምፕሬሰሩ እኮ ዘይት አልባ ነው፤ የሚያወጣው አየር ንጹሕ ነው» ይለኛል። ከዘይት ንጹሕ ነው፤ ከውሃ ግን አይደለም። እኔን ያሳሳተኝም «ንጹሕ» የሚለው ቃል ነው። «ታንኩን በየቀኑ ማፍሰስ የተጠቃሚው ግዴታ ነው» ይል ይሆናል። በየቀኑ መፍሰስ ያለበትን ነገር ስድስት ብሎን ሥር የቀበረው ማን ነው? ከመሣሪያው ጋር በተሰጠኝ አጭር የአጠቃቀም ወረቀት ላይስ ለምን አልተጻፈም? «ሌሎች ደንበኞቻችን እንዲህ አላጋጠማቸውም» የሚለውን ደግሞ ከሁሉም በላይ እቃወማለሁ። ድሬዳዋ ላይ ያለ ደንበኛና ጣና ዳር ያለ ደንበኛ አንድ አየር አይተነፍሱም። የሚሸጠውን ዕቃ የሚያውቅ ሰው የገዢውን አገር አየር መጠየቅ ነበረበት።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከጎሚስታው ጋር መሣሪያውን አሻሻልነው። ከኮምፕሬሰሩ ጭንቅላት እስከ ታንኩ ያለውን አጭር ቱቦ አውጥተን ሦስት ሜትር የመዳብ ቱቦ ጠቅልለን ተካንበት፤ አየሩ ታንክ ከመግባቱ በፊት እንዲቀዘቅዝ ነው። የታንኩን ማፍሰሻ በቱቦ ወደ ውጭ አወጣነው፤ አሁን ጎንበስ ብሎ መዘወር ብቻ ነው። ጥቁሩን ማጣሪያ ጥለን ውስጡ የሚታይ አስገባን፤ ከእሱ ቀጥሎ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ቱቦ ገጠምን። ፍሬዎቹ ሲጠግቡ ቀለማቸው ስለሚለወጥ አውጥቼ በምድጃ አደርቃቸዋለሁ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ገንዘብ ከአንድ ካርትሪጅ ዋጋ ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ካርትሪጅ በፉጨቱ እየሠራ ነው፤ ነሐሴን ከነሙሉ ዝናቡ ተሻግሮ። ጎሚስታው ለድካሙ ገንዘብ ስሰጠው ግማሹን መለሰልኝ። ያንን አልረሳም።

ታዲያ ለምን እቆጫለሁ? ዛሬ የሚሠራው መሣሪያ የገዛሁት መሣሪያ ስላልሆነ ነው። የከፈልኩት ሥራው ላለቀ ዕቃ ነበር፤ ሥራውን የጨረስነው እኛ ነን። ያኔ አማራጭም ነበረኝ። በአየር ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚዞር ሃንድፒስ አለ፤ ሞተሩ በደቂቃ 40,000 ዙር ቢዞር አንድ ለአምስት የሚያፈጥን ጭንቅላት ሲገጠምለት 200,000 ይደርሳል። ለመዞር የታመቀ አየር አይፈልግም፤ ጥርሱ ላይ ሲጫኑትም ጉልበቱ ቶሎ አይወድቅም። ሻጩ «እሱ ዘገምተኛ ነው» ብሎ አናንቆብኝ ነበር። ለውሻ ጥርስ 200,000 ዙር ከበቂ በላይ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። እርጥበት ባለበት አካባቢ የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ ዛሬ ቢጠይቀኝ ዋጋው ቢወደድም መጀመሪያ እሱን እንዲያይ እነግረዋለሁ።

በአየር የሚሠራውን ከመረጠ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ፊት ኮምፕሬሰሩን ግማሽ ሰዓት ያሠራው፤ ከዚያም የአየሩን ቱቦ በደረቅ መስታወት ላይ ይንፋበት። መስታወቱ ጤዛ ካረገዘ ወይም ነጠብጣብ ከታየበት ዕቃውን ይተወው። የታንኩን ማፍሰሻ በዓይኑ ይይ፣ በእጁም ይክፈተው። የታንኩ ውስጥ ዝገት በማይነካው ነገር መለበጡን ይጠይቅ። ሃንድፒሱን መጨረሻ ላይ ይመልከት፤ ሃንድፒስ ይቀየራል።

የሞቱትን ሁለት ካርትሪጆች ለምርመራ በምንጠቀምበት ግልጽ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። አንደኛው ተከፍቷል፤ ኩሽኔታው ላይ ያለው ዝገት ያለ ማጉያ ይታያል። እኔን ሰምቶ የገዛው ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት መጥቶ አየው። የእሱ መሣሪያ ገና ሁለት ወሩ ስለሆነ ያለፈው ክረምት ብዙም አልነካውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎሚስታውን ይዤ ሄጄ የእሱንም ማፍሰሻ ወደ ውጭ እናወጣለታለን፤ የመዳብ ቱቦውን ገዝቼዋለሁ።