ድራፍት ወይስ ጠርሙስ? ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ለሚጠጣ

ኮምቦልቻ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ቁጭ እንዳላችሁ ግን "ድራፍት ወይስ ጠርሙስ?" መባሉ አይቀርም።

ጣዕም፦ እኔ ለድራፍት አደላለሁ። ከደሴ ብርድ ወርዶ ለመጣ ሰው፣ ብርጭቆው አልቦት፣ አረፋው ሁለት ጣት ያህል ቆሞ የሚመጣ ጃምቦ ሌላ ነገር ነው።

ስጋት፦ የድራፍት ጣጣ ከበርሜሉ የሚቀዳበት ቧንቧ ነው። በደንብ ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል። አንድ ቤት ገና ስጎነጨው ሆምጣጤ ሆነብኝና መለስኩት። ሰው የሚበዛበት፣ በርሜሉ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ምረጡ።

ጠርሙስ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ቀኑም ተጽፎበታል። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ብርሃን ሆፕሱን (ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ተክል) ሲያገኘው ሽታው ይለወጣል። ቡናማው ጠርሙስ ከአረንጓዴው የተሻለ ይከላከላል። በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሳጥን ካያችሁ እለፉት።

ዋጋ፦ ድራፍት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ የብርጭቆውን መጠን ግን ጠይቁ። የተለመደው ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ አያከራክርም።

ለሠርግና ለቤት ድግስ ጠርሙስ ይሻላል፤ ለመቁጠርም ለማስቀመጥም ይመቻል። ከሥራ በኋላ ከጓደኛ ጋር ከሆነ ድራፍት። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ደሴ የምትነዱ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉት፤ አምቦ ውሃ ጠጡ።