አርቪ መቀያየር ወይስ መከራየት? ከአሜሪካ ወደ ጀርመን ለሚሻገሩ

አርቪ፣ ማለትም አልጋና ወጥ ቤት ያለው የጉዞ መኪና፣ ያለው ሰው ያውቀዋል። መኪናው አብዛኛውን ዓመት ደጅ ቆሞ ኢንሹራንስ ይበላል። ሰመር ሲመጣ ደግሞ ልጆች ተይዘው ፍራንክፈርት ዘመድ ጥየቃ ይኬድና ሆቴሉ ኪስ ያራቁታል። እዚያም መኪናውን ደጁ የገተረ ጀርመናዊ አለ፤ እሱም ቨርጂኒያ ያለውን የሼናንዶዋ ፓርክ ማየት ያምረዋል። ቁልፍ ትለዋወጣላችሁ፣ እሱ የእናንተን፣ እናንተ የእሱን ትነዳላችሁ። ኪራይ የለም።

ደስ ይላል። ግን ለሁሉም አያዋጣም። ከኪራይ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው።

ዋጋው

ከድርጅት ስትከራዩ መጀመሪያ የምታዩት የቀን ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። በሰመር ለቤተሰብ የሚበቃ መኪና ጀርመን ውስጥ በቀን ከ100 ዩሮ በላይ ነው። የመረከቢያ ክፍያ፣ አንሶላ፣ የልጅ ወንበር እየተባለ ይጨመርበታል። ካርዳችሁ ላይ የሚያዝ ዲፖዚትም አለ። እንደ «የስካፓ» (Yescapa) ባሉ ድረ ገጾች ከግለሰብ መከራየት ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፤ ድስትና ሳህኑም መኪናው ውስጥ አለ።

ስትቀያየሩ የሚቀረው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ነዳጅና ማደሪያ ነው። ማደሪያው ቀላል ነው፤ ሽቴልፕላትስ የሚባሉት የአርቪ ማቆሚያዎች በየከተማው አሉ፣ አንዳንዶቹ በነጻ ናቸው። በዋጋ ብቻ ከሆነ መቀያየር ያሸንፋል። ለዚህ ብሎ አርቪ መግዛት ግን ሒሳብ አይደለም።

መኪናው

ጀርመን የምትረከቡት አብዛኛውን ጊዜ ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ምናልባትም ማርሹ ማኑዋል የሆነ መኪና ነው። ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ በተራው ቢ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። የእናንተ በፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ ከሆነ ከነጭነቱ እስከ 14,500 ፓውንድ ይደርሳል፣ ወደ 6,500 ኪሎ መሆኑ ነው። ቤንዚን አጠጣጡንም ለጀርመናዊው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በኋላ ከሚያኮርፍ።

አልጋ ሳይሆን ቀበቶ ቁጠሩ። ስድስት ሰው የሚያስተኛ መኪና አራት ቀበቶ ብቻ ሊኖረው ይችላል።

ሽንት ቤቱም ይለያል። የአሜሪካው ወፍራም ቱቦ ገጥማችሁ እጀታ ስትስቡ በራሱ ይወርዳል። የጀርመኑን ከመኪናው ጎን ትንሽ በር ከፍታችሁ እንደ ሻንጣ ትስቡታላችሁ። ሃያ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በእጃችሁ ወስዳችሁ ትደፉታላችሁ። ቤተሰብ ካለ በየሁለት ቀኑ ነው። ማን እንደሚደፋ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ኢንሹራንስ

ሰው ፎቶ እያየ ይመርጣል እንጂ ነገሩን የሚወስነው ይሄ ነው። ስትከራዩ ኢንሹራንሱ አብሮ ይመጣል። ስትቀያየሩ የሁለታችሁም ኢንሹራንስ የውጭ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው እንዲነዳ መፍቀዱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በስልክ «ችግር የለም» መባል አይበቃም።

መጠኑም የሰማይና የምድር ነው። በቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000 ዶላር ነው። በጀርመን ለሰው ጉዳት 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ያ ጀርመናዊ በእናንተ መኪና አንድ ሰው ቢገጭ የአሜሪካ ሆስፒታል ሒሳብ 50,000ውን በቀናት ይጨርሰዋል፤ የተረፈው ዕዳ ዞሮ እናንተም ጋ ሊመጣ ይችላል። ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት ሽፋናችሁን ከፍ አድርጉ። ጭማሪውንም የመቀያየሩ ወጪ ውስጥ ቁጠሩት።

ቪዛ

ለእኛ ሰው ይሄ የራሱ ጣጣ አለው። ግሪን ካርድ ኖሯችሁ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የምትቀያየሩት ፍራንክፈርት ካለ ሀበሻ ጋር ከሆነም፣ እሱ የጀርመን ፓስፖርት ካልያዘ በኢስታ (ያለ ቪዛ በኢንተርኔት በሚሞላው ፈቃድ) አሜሪካ አይገባም። ኪራይ ከሆነ የሚሰረዝበትን መርጣችሁ ትይዛላችሁ፤ ቪዛ ቢከለከል ትሰርዙታላችሁ። መቀያየር ላይ ግን ቲኬት ቆርጦ የሚጠብቅ ሌላ ቤተሰብ አለ። ቪዛ ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይመታ ቀን አትቁረጡ።

ያው መቀያየር የግድ በአንድ ወቅት መሆን የለበትም። እሱ በሜይ ይመጣል፣ እናንተ በሴፕቴምበር ትሄዳላችሁ። እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል፤ ባለቤቱ ቤቱ ስላለ መኪናውን ራሱ ያስረክባችኋል፣ አንድ ነገር ቢበላሽም ትደውሉለታላችሁ።

እንግዲህ አርቪ ካላችሁ፣ ቪዛው ከተመታና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ካላችሁ ተቀያየሩ። ለአንድ ሳምንት ከሆነ ለወራት መጻጻፉ አያዋጣም፤ ተከራዩ። አርቪ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነም ከግለሰብ ተከራዩ፤ ብዙዎቹ ሲያስረክቡ ቁጭ አድርገው ያስተምራሉ።

ለመቀያየር ከወሰናችሁ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። የውሃ ፓምፕ ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ጎማ ቢፈነዳ? የኢንሹራንሱን የራስ ድርሻ፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ከኪስ የሚከፈለውን፣ ማን ይችላል? ቡናም ይግባበት። የሰው መኪና ውስጥ ቡና ቆልቶ ዕጣን ቢጨስ ሽታው መጋረጃው ላይ ለወራት ይቀራል፤ ከሰሉማ በሩ ተዘግቶ ሰው ይገድላል። ጀበናውን ደጅ አውጡት።